ቤት ለእንግዳ፦ ስለ ቀድሞ የመንገድ ዳር ጠጅ ቤቶችና ማደሪያዎች

በየዓመቱ በዚህች መጽሔታችን ላይ ስለ ሰፈራችንና ስለ አገራችን ያለፈ ታሪክ ጥቂት ጥቂት እያልን ማቅረባችን የታወቀ ነው። የዘንድሮው ርእሳችን አንዳንዶቻችሁን ፈገግ ያሰኝ ይሆናል፤ አንዳንዶቻችሁንም ቅር ሳያሰኝ አይቀርም። ርእሱ ጠጅ ቤት ነው። «የዕድር መጽሔትና ጠጅ ቤት ምን አገናኛቸው?» የሚለን ሰው ቢኖር፣ እባክህ እስከ መጨረሻው ታገሠንና አንብብ እንለዋለን። ግንኙነት አላቸው፤ እንዲያውም እኛ ዕድሮች ያልከፈልነው ዕዳ አለብን።

ነገሩ የተነሣው እንዲህ ነው። ከቀድሞው ኬላ በታች፣ ከከተማ በሚያስወጣው መንገድ ዳር የነበረውን አሮጌ ቤት ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። ባለፈው ዓመት መንገዱ ሲሰፋ ፈርሷል። ከመፍረሱ ጥቂት ቀን ቀደም ብሎ ከኮሚቴያችን ሦስት ሰዎች ሜትር ይዘን ሄድንና ቤቱን ከነጓሮው ለካነው። ለምን እንደምንለካው በዚያን ጊዜ እኛም በደንብ አላወቅነውም ነበር፤ እንዲሁ ሳይታይ እንዳይቀር ብለን ነው። ስንለካ ግን ሁለት ነገር አየን። አንደኛው፣ በጓሮው ከተደረደሩት የአልጋ ክፍሎች በአንደኛው ምሰሶ ላይ የተመታ የብረት ቀለበት ነው። ሁለተኛው፣ በፊተኛው ክፍል ከባንኮኒው በስተጀርባ፣ ወደ ማእድ ቤቱ በር ተጠግቶ፣ ከጭቃ የተሠራ መደብ ነው። አልጋ በሚከራይበት ቤት፣ ወንበርና ጠረጴዛ በሞላበት ክፍል ውስጥ የጭቃ መደብ ምን ይሠራል? ይህ ጥያቄ ነው ሽማግሌዎችን እንድንጠይቅ፣ ስለ አገራችን የእንግዳ ማደሪያዎችም የምናውቀውን እንድናሰባስብ ያደረገን።

እንግዲህ ከጥንቱ እንጀምር። በአገራችን በድሮ ዘመን ገንዘብ ከፍሎ የሚታደርበት ቤት የሚባል ነገር የተለመደ አልነበረም። መንገደኛ የመሸበት ቦታ ላይ ከአንድ ሰው ደጅ ቆሞ «የመሸብኝ እንግዳ ነኝ፤ አሳድሩኝ» ይላል። ባለቤቱም «ቤት ለእንግዳ» ብሎ ያስገባዋል። እግሩ ይታጠባል፤ ከተገኘው ይቀርብለታል፤ በመደቡ ላይ ቁርበት ተነጥፎለት ያድራል። የእግዜር እንግዳ ስለሆነ ስሙና አገሩ የሚጠየቀው ከበላ በኋላ ነው። የቆሎ ተማሪውም፣ ተሳላሚውም፣ ለሙግት ወደ ዳኛ የሚሄደው ባላገርም አገር የሚያቋርጠው እንዲህ ሆኖ ነው። ካህናቱና ተሳላሚዎቹ ደግሞ የየአጥቢያው ደጀ ሰላም ነበራቸው።

ይሁን እንጂ ሁሉም እንግድነት በውድ ነበር ብንል እውነቱን አልተናገርንም። የንጉሥ መልክተኛ ወይም በንጉሥ ፈቃድ የሚጓዝ የውጭ አገር ሰው ሲያልፍ ባላገሩ «ድርጎ» የሚባል ቀለብ እንዲያቀርብ ይታዘዝ ነበር። እንጀራው፣ ጠላው፣ ማሩ፣ በጉ ሁሉ ከባላገሩ ጎተራና በረት ይወጣል። ከዚህም የሚከፋው ወታደር በባላገር ቤት ተሠሪ ሆኖ መግባቱ ነው። ባለቤቱ ከመደቡ ወርዶ ወታደሩ ይተኛበታል፤ የቤቱን እህልም ይጨርሰዋል። በ1880ዎቹ አፄ ምኒልክ ለሠራዊቱ ቀለብ የሚሆን አሥራት እንዲከፈል ያደረጉት ይህን የተሠሪ መከራ ለማስቀረት ብለው ነው። ስለዚህ «ቤት ለእንግዳ» የሚለው ቃል ሲባል ደስታም ሥቃይም የነበረበት መሆኑን መርሳት አይገባም።

የሲራራ ነጋዴው ነገር ደግሞ ለብቻው ነው። ሲራራ ነጋዴ በቅሎና አህያ ጭኖ፣ አሞሌ፣ ቡና፣ ማር፣ ሰምና ቆዳ ይዞ በጓድ ይጓዛል። ጭነት የያዘ በቅሎ በቀን ከ20 እስከ 30 ኪሎ ሜትር ቢሄድ ነው፤ ስለዚህም ጉዞው የሳምንታት፣ አንዳንዴም የወራት ነበር። ይህን ያህል ሰውና ከብት በአንድ ባላገር ቤት ሊያድር አይችልም። ውሃ ካለበት፣ ትልቅ ዛፍ ካለበት ሜዳ ላይ ጭነቱን አራግፎ፣ ዙሪያውን እንደ አጥር ደርድሮ፣ መካከሉ ላይ እሳት አንድዶ፣ ተራ ጠባቂ አቁሞ ያድራል። ጎንደር፣ በጎጃም ባሶ፣ ከአንኮበር በታች አልዩ አምባ፣ በየረር አካባቢ ሮጌ፣ በጅማ ሂርማታ የታወቁ የንግድ ቦታዎች የነበሩ ሲሆን፣ ነጋዴዎቹ ሲደርሱ ከተዋወቁት ሰው ቤት ያርፉ ነበር። በየመንገዱ ደግሞ ኬላ አለ። ኬላው ከተዘጋ በኋላ የደረሰ ነጋዴ እስኪነጋ መጠበቁ ግድ ነው። የሚጠብቅ ሰው ደግሞ ይርበዋል፤ ይጠማዋል፤ ይበርደዋል። እኛ እንደሚመስለን የመንገድ ዳር መጠጥ ቤት የተወለደው እዚህ ላይ፣ ኬላ ዘግቶበት ከሚጠብቀው ሰው ፊት ነው።

ይህን ቤት የከፈተው ማን ነው? ሴት ናት። ጠላ መጥመቅም ጠጅ መጣልም የሴት ሙያ ነበር። ጠላ የሁሉ ሰው መጠጥ ሲሆን፣ ጠጅ ግን በጥንት ጊዜ የጌቶች መጠጥ ነበር፤ ማሩም በግብር ወደ ጌታ ቤት የሚሄድ ነው። ከተማ እየሰፋ፣ ማር በገበያ እየተሸጠ ሲመጣ ግን ጠጅ ከጌቶች አዳራሽ ወደ መንገድ ዳር ወረደ። አንድ እጅ ማር በሦስት ወይም በአራት እጅ ውሃ ይበጠበጣል፤ ጌሾ ይገባበታል፤ በወይራ በታጠነ ጋን ውስጥ ይጣላል። ለዚህ ሥራ ብዙ ገንዘብ አያስፈልግም፤ ሙያ፣ ጋንና አንድ ክፍል ቤት ካለ ይበቃል። አዲስ አበባ በ1879 ዓ.ም ከተቆረቆረች በኋላ ባሏ በዘመቻ የሞተባት፣ ከባሏ የተፋታች፣ ከገጠር በችግር የወጣች ሴት ልትኖርበት የምትችለው ዋናው ሥራ ይህ ነበር። የጠላ ቤት ምልክቱ ከደጅ በተተከለ እንጨት ላይ የተደፋ ጣሳ ነው። ማንበብ የማይችለውም መንገደኛ፣ ቋንቋ የማያውቀውም ነጋዴ ያንን ጣሳ ከሩቅ አይቶ ይመጣል።

እዚህ ላይ ስለ ቤቱ አሠራር ጥቂት እንበል። የባላገሩ ቤት ክብ ጎጆ ነው። መካከሉ ላይ ምሰሶ፣ ዙሪያው ግድግዳ፣ በላዩ የሣር ክዳን። ጎጆ ለቤተ ሰብ ይስማማል፤ ሙቀቱን ይይዛል። ለመጠጥ ቤት ግን አይመችም። ክብ ቤት ሰፋ ባለ ቁጥር ጣራው ከፍ ማለት አለበት፤ ጣራው ከፍ ሲል ረዥም ማገርና ወፍራም ምሰሶ ይፈልጋል፤ ይህም እንጨት በቀላሉ አይገኝም። ደግሞም ጎጆን በጎን መቀጠል አይቻልም። የአራት ማዕዘን ቤት ግን እንደ ባቡር ፉርጎ ክፍል በክፍል ላይ እየተቀጠለ ይሄዳል። ይህ ሊሆን የቻለው በሁለት ነገር ነው። በ1880ዎቹ ወደ አገራችን የገባው ባሕር ዛፍ ቶሎ የሚያድግና ቀጥ ያለ እንጨት በብዛት ሰጠ። ከባሕር ማዶ የመጣው የጣራ ቆርቆሮ ደግሞ ባቡር ከገባ በኋላ እየበዛ ሄደና ሣሩን ተካው። ግድግዳው ያው የጥንቱ ነው፤ እንጨት ተማግሮ፣ ጭቃ ከጭድ ጋር ተቦክቶ ይመረግበታል። ቆርቆሮ በዝናብ ጊዜ ጩኸቱ፣ በበጋ ሙቀቱ ስለሚያስቸግር ከሥሩ አቡጀዲ ተወጥሮ ኮርኒስ ይሠራለታል። አብዛኞቻችን ተወልደን ያደግነው እንዲህ ባለ ቤት ውስጥ ስለሆነ አሠራሩ ጥንታዊ ይመስለናል እንጂ፣ ከአያቶቻችን ዘመን አያልፍም።

እንግዲህ ጠጅ ቤት ማለት ይህ ነው። አንድ ረዥም ክፍል፣ በግድግዳው ዙሪያ አግዳሚ ወንበር፣ ወለሉ ላይ ቄጠማ፣ በጓዳው ጋኖች፣ በእጅ ብርሌ፣ አንዳንድ ማታ ደግሞ አዝማሪ ከነማሲንቆው። ሰው ፊት ለፊት ተያይቶ ይቀመጣል። ጌታና ሎሌ በጌታ አዳራሽ ውስጥ በማዕረግ ተራ ነው የሚቀመጡት፤ በጠጅ ቤት ግን ቀድሞ የደረሰ ጥግ ይይዛል። ይህ ቀላል ነገር አይምሰላችሁ።

ስለ ማደሪያዎች ስንጽፍ የእቴጌን ሆቴል አለማንሣት አይቻልም። በ1890ዎቹ መጨረሻ በእቴጌ ጣይቱ የተከፈተው ይህ ሆቴል በአዲስ አበባ የመጀመሪያው ዘመናዊ ሆቴል ነው። ባለ ፎቅ ቤት ሆኖ ሰፋፊ መስኮቶች፣ የእንጨት ሰገነትና የእንጨት ደረጃ ያለው ነው። አሠራሩ በዚያ ዘመን በከተማችን ይሠሩ የነበሩትን የአርመንና የሕንድ ግንበኞች እጅ ያስታውሳል። ስለዚህ ሆቴል በሰፊው የሚነገር አንድ ታሪክ አለ። ሆቴሉ ሲከፈት መኳንንቱ ገንዘብ ከፍሎ መብላትን እንደ ነውር ቆጠሩት ይባላል። አፄ ምኒልክም መኳንንቱን ሰብስበው ወስደው ራሳቸው ከፍለው አበሏቸው። መኳንንቱ ምግቡን ወድደው በሌላ ጊዜ ሲመጡ ግን «አሁን ደግሞ ሒሳቡን ክፈሉ» ተባሉ፤ እንዲህም ሆኖ ተለመደ ይባላል።

ይህን ታሪክ ስንሰማ እንስቃለን። ነገር ግን ቆም ብለን እናስብ። ለእንግዳ እንጀራ መሸጥ በዚያ ዘመን ያሳፍር ነበር ማለት ነው። ንጉሥና እቴጌ ሲጀምሩት ነውሩ ወደ ሥልጣኔ ተለወጠ። በየኬላው ዳር ያለችው ባለ ጋን ሴት ግን ያንኑ ሥራ በጣሳ ምልክት ስትሠራው ነውሩ በርሷ ላይ ቀረ። ሥራው አንድ ነው፤ ስሙ ግን ሁለት ሆነ።

ቀጥሎ ባቡር መጣ። የባቡሩ ሐዲድ በ1895 ዓ.ም ድሬዳዋ፣ በ1909 ዓ.ም ደግሞ አዲስ አበባ ደረሰ። ከጅቡቲ እስከ አዲስ አበባ 784 ኪሎ ሜትር ነው። በመጀመሪያው ጊዜ ባቡሩ የሚጓዘው በቀን ብቻ ስለነበር ጉዞው ሦስት ቀን ይፈጃል፤ መንገደኛው አንዱን ሌሊት አዋሽ፣ አንዱን ሌሊት ድሬዳዋ ያድራል። ስለዚህም በአዋሽ ጣቢያ ሐዲዱ አጠገብ ቡፌ ተሠራ። ዝቅ ያለ ቤት፣ ከፊቱ በአበባ የተሸፈነ በረንዳ፣ ከጎኑ የመኝታ ክፍሎች ያሉት ነው። በረንዳው ለቆላ ሙቀት የታሰበ ነው፤ ፀሐይ ግድግዳውን እንዳያገኘው ያደርጋል። «ቡፌ» የሚለውን የፈረንሳይ ቃል ያወቅነውም በባቡር ነው። ልብ በሉ፣ በቅሎ የሚያድረው በደከመው ቦታ ነበር፤ ባቡር ግን የሚያድረው በተወሰነለት ቦታ ነው። ማደሪያ በዕድል መሆኑ ቀርቶ በሰዓት ሆነ።

ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም በነበረው የጠላት ወረራ ዘመን ጣልያኖች ጦራቸውን ለማጓጓዝ ብለው ብዙ መንገድ ሠሩ። ለኛ ደኅንነት ብለው እንዳልሠሩት የታወቀ ነው፤ ብዙ ወገናችንም በጉልበት ሥራ ተንገላቶበታል። የጣርማ በር ዋሻ የዚያን ጊዜ ሥራ ነው። ከ3,000 ሜትር በላይ ከፍታ ባለው ተራራ ሆድ ውስጥ ወደ 600 ሜትር የሚጠጋ ዋሻ ተቦርቡሮ ደጋውን ከደብረ ሲና ቆላ አገናኘው። ከመንገዱ ጋርም ቃሉ ገባ። «አልቤርጎ» በጣልያንኛ ሆቴል ማለት ነው፤ በኛ አፍ ግን ርካሽ የመኝታ ክፍል ሆነ። «ባንኮኒ» የመጠጥ ቤቱ ደረት ሆነ። ከሁሉ የሚገርመው «ልኳንዳ» ነው። ቃሉ በጣልያንኛ የእንግዳ ማደሪያ ማለት ሆኖ ሳለ፣ እኛ ሥጋ ቤት አደረግነው! እንግዳው ሄደ፤ ሥጋው ቀረ ብለው የሚቀልዱ አሉ።

ከነፃነት በኋላ መንገዱ የኛ ሆነ። የአውራ ጎዳና መሥሪያ ቤት በ1943 ዓ.ም ተቋቋመ፤ መንገዶቹ ታደሱ፤ አዳዲሶችም ተጨመሩ። ያን ጊዜ ነው የሾፌር ዘመን የጀመረው። ሾፌርና ረዳቱ የአዲሱ ዘመን ሲራራ ነጋዴ ናቸው ቢባል ስህተት አይሆንም። የት እንደሚያድሩ የሚወስነው እንደ ድሮው መልክዓ ምድሩ ነው። የዓባይን በረሃ የሚወርድ መኪና ጎሃ ጽዮን ላይ ፍሬኑን ያያል፤ ወጥቶ የጨረሰው ደግሞ ደጀን ላይ ሞተሩን ያበርዳል። ስለዚህ በገደሉ ግራና ቀኝ አፋፍ ላይ ሁለት ከተሞች ፊት ለፊት ተቀምጠው ሾፌር ሲቀበሉ ኖረዋል። ከጣርማ በር ወርዶ ደብረ ሲና የሚቆመውም መንገደኛ ቆሎ ገዝቶ፣ ነፍሱን አሳርፎ ነው ወደ ሸዋ ሮቢት የሚቀጥለው።

የነዚህ ቡና ቤቶች አሠራር ከአንድ እናት የተወለዱ ይመስል በየአገሩ ይመሳሰላል። ፊቱ ለመንገዱ ነው፤ በደማቅ ቀለም የተቀባ፣ ሰፊ በር ያለው፣ ባንኮኒና ጠረጴዛ ያለበት ክፍል። ከኋላው ግቢ አለ። ግቢው በሰፊ የብረት ወይም የቆርቆሮ በር ይዘጋል፤ መኪናው ከነጭነቱ እዚያ ያድራል፤ ዘበኛ ይጠብቀዋል። በግቢው ሁለት ወይም ሦስት ጎን የአልጋ ክፍሎች በረድፍ ይደረደራሉ፤ በራቸው ሁሉ ወደ ግቢው ነው። ሾፌሩ ከመስኮቱ ሆኖ መኪናውን ያያል። ልብ ብላችሁ ካያችሁት፣ ይህ ያው የሲራራ ነጋዴው ሰፈር ነው! ጭነቱ መካከል፣ ሰዉ ዙሪያውን፣ ጠባቂው በበሩ። ድሮ ጭነቱ አጥር ይሆን ነበር፤ አሁን ክፍሎቹ አጥር ሆኑ እንጂ ሐሳቡ አልተለወጠም።

አሁን ወደ ሰፈራችን ቤት እንመለስ። ስንለካው ፊተኛው ክፍል ርዝመቱ 11 ሜትር፣ ወርዱ 5 ሜትር ሆነ። በጓሮው 7 የአልጋ ክፍሎች ነበሩ። ያ የብረት ቀለበት የተመታበትን ክፍል ለሽማግሌዎች ብንነግራቸው ሳቁና «እሱማ የበቅሎ ጋጣ ነበር፤ ልጓም የሚታሰርበት ነው» አሉን። በቅሎ ቀርቶ መኪና ሲመጣ ጋጣው ተከፋፍሎ፣ ተመርጎና ተለስኖ አልቤርጎ ሆነ። ለካስ ከክፍሎቹ አራቱ ሌሎቹን የማይመስል ሰፊ በር ያላቸው ለዚህ ኖሯል!

መደቡስ? ስለ መደቡ ስንጠይቅ ግን ሽማግሌዎቹ ቶሎ አልመለሱልንም። ከመካከላቸው አንደኛው ቆይተው «እሱ የእንግዳ ነው» አሉ። «ሁሉም እንግዳ አይደለም እንዴ?» ብንላቸው፣ «አይደለም፤ አልጋው የከፋይ ነው፤ መደቡ የመሸበት ሰው ነው» አሉን። የቤቱ እመቤት መክፈል የማይችል ሰው ሲመጣባቸው ከማእድ ቤቱ አጠገብ፣ ሙቀት ባለበት በዚያ መደብ ላይ ያሳድሩት ነበር። ሴትዮዋ ባንኮኒ ሲያሠሩ አናጢው መደቡን ላፍርሰው ቢላቸው እምቢ አሉት። ባንኮኒውም አጥሮ የቀረው በዚያ ምክንያት ነው። እኛም ልኬቱን አይተን «አናጢው ተሳስቶ ነው» ብለን ነበር፤ የተሳሳትነው እኛ ነን።

ቤተ ዘመዶቻቸው ስለ ጠየቁን የሴትዮዋን ስም እዚህ ላይ አንጽፍም፤ በዕድሩ መዝገብ ላይ ግን አለ። ስሙ እዚያ እንዴት እንደ ገባ መንገር ግን ግዴታችን ነው።

ዕድራችን በ1940ዎቹ ሲቋቋም ድንኳንም፣ መሰብሰቢያም አልነበረውም። መሥራቾቹ ወር በገባ እሑድ የሚሰበሰቡት በሴትዮዋ አዳራሽ ውስጥ ነበር። ለቅሶ ሲኖር አግዳሚ ወንበሩ፣ ጋኑ፣ ብረት ድስቱ ከሳቸው ቤት ይወጣል። ታዲያ እሳቸው «እኔንም መዝግቡኝ» ባሉ ጊዜ «ጠጅ ሻጭ በዕድር አትገባም» ተባሉ። ወንበራቸው ዕድርተኛ ነበረ፤ እሳቸው ግን አልነበሩም። በዚያ ቤት ውስጥ በችግር ምክንያት ገላቸውን የሸጡ ልጆች ነበሩ፤ ይህንንም አንደብቅም። ነገር ግን ወደዚያ ቤት ይሄዱ የነበሩት ወንዶች እነማን እንደ ነበሩ ያን ጊዜ የጠየቀ አልነበረም። እነሱ ተመዝግበዋል።

እንዲህ ሆኖ ዘጠኝ ዓመት አለፈ። አንድ ክረምት አንድ የጭነት መኪና ረዳት ታሞ ቀረ። ሾፌሩ ጭነት ስላለበት «ስመለስ እወስደዋለሁ» ብሎ ሄደ። ልጁ ገንዘብ አልነበረውምና በመደቡ ላይ ተኛ። በአምስተኛው ቀን ሞተ። አገሩንም ዘመዱንም የሚያውቅ አልተገኘም። ሴትዮዋ አጠቡት፤ መግነዙን ገዙ፤ ለቆፋሪ ከፈሉ፤ ቀብሩንም የቤቱ ሴቶች ሆነው ሄዱ። ዝናብ ይጥል ነበር አሉ። ከዕድሩ ሽማግሌዎች ሦስቱ ከመንገድ ላይ አይተው፣ የማን ቀብር እንደሆነ ጠይቀው፣ ጋቢያቸውን ተከናንበው ተከተሉ። ከዚያ በኋላ በመጣው ስብሰባ ሦስቱም ተነሥተው «እኛ ዕድር አይደለንም፤ ዕድሩ እሷ ናት» አሉ። ብዙ ክርክር ሆነ። በመጨረሻ ሴትዮዋ እንዲመዘገቡ፣ የመግቢያውንም እንዳይከፍሉ ተወሰነ። እሳቸው ግን «በነፃማ አልገባም። ከመጀመሪያው ወር ጀምሮ ያለውን ውዝፍ እከፍላለሁ» አሉ። ከፈሉም። የዘጠኝ ዓመት ውዝፍ በአንድ ቀን የከፈለ ሰው በመዝገባችን ላይ ከሳቸው ሌላ የለም። ገጹን ማየት የሚፈልግ አባል ጸሐፊውን ይጠይቅ።

ከዚህ በኋላ ያለው ታሪክ አጭር ነው። የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት የመንግሥት እንዲሆን በ1967 ዓ.ም በአዋጅ ቁጥር 47 ሲደነገግ በየከተማው የብዙ ሰዎች ትርፍ ቤት ተወረሰ። ከሰፈራችን ቤት የጓሮው ክፍሎች ተወርሰው ሰው ተከራያቸው፤ ሴትዮዋ ፊተኛው ክፍል ቀረላቸው። በደርግ ዘመን ሰዓት እላፊው የማታውን ገበያ ገደለው። የድሮው ባቡር ሥራ አቁሞ አዲሱ የባቡር መስመር በ2009 ዓ.ም ሲመረቅ፣ አዋሽ ላይ አድሮ ድሬዳዋ ላይ የሚያድር መንገደኛ ከቀረ ብዙ ዘመን ሆኖት ነበር። የእቴጌ ሆቴልም ጥር 3 ቀን 2007 ዓ.ም በእሳት ቃጠሎ ብዙ ጉዳት ደርሶበታል። በዚያን ቀን ብዙ ሰው አዘነ፤ ማዘንም ይገባል። የኛ ሰፈር ቤት ሲፈርስ ግን ከጎረቤቱ በቀር ያዘነ የለም። ጭቃ ነዋ! ጭቃ ቤት ቅርስ ነው ብሎ የሚያስብ ጥቂት ነው።

እኛ መንገድ አይሰፋ አንልም። መንገዱ ባይኖር ቤቱም አይኖርም ነበር፤ ጋጣውም አልቤርጎ የሆነው መንገድ ስለ ተለወጠ ነው። የምንለው ሌላ ነው። የድንጋይ ቤት ቢፈርስ ፎቶግራፉና ፕላኑ በመዝገብ ቤት ይገኛል። የጭቃ ቤት ፕላን ግን ያለው በሰው ራስ ውስጥ ብቻ ነው፤ ያ ሰው ሲሞት አብሮ ይቀበራል። ይህን ደግሞ ከቀባሪ ዕድር በላይ የሚያውቅ የለም።

ስለዚህ አባሎችን የምንለምነው ሦስት ነገር ነው። አንደኛ፣ የድሮ ጠላ ቤት፣ ጠጅ ቤት፣ ቡና ቤት ወይም ማደሪያ ፎቶግራፍ ያላችሁ፣ ቅጂውን ለጽሕፈት ቤታችን ስጡ። ሁለተኛ፣ በነዚህ ቤቶች የሠራችሁ ወይም እናታችሁ የሠራችባችሁ፣ እባካችሁ አትፈሩ፤ አትፈሩም፤ መጥታችሁ ንገሩን፤ ስም አትጻፉ ካላችሁን አንጽፍም። ሦስተኛ፣ በሰፈራችን የቀረ አሮጌ ቤት ሊፈርስ ነው ሲባል ቀደም ብላችሁ ንገሩን፤ ሜትር ይዘን እንመጣለን። የበሩን ስፋት፣ የመደቡን ከፍታ፣ የምሰሶውን ቁጥር ጽፈን እናስቀምጣለን። ወጪው አንድ ደብተርና አንድ ከሰዓት በኋላ ነው።

በበኩላችን ደግሞ ኮሚቴው አንድ ነገር ወስኗል። በያመቱ የመሥራች አባሎች ስም ሲጠራ የሴትዮዋም ስም ከመሥራቾቹ ጋር አብሮ ይጠራል። ውዝፉን ከመጀመሪያው ወር ጀምሮ ከፍለዋልና፣ በሒሳቡም ቢሆን መሥራች ናቸው። ያ ስሙ ያልታወቀ ረዳትም «የመሸበት እንግዳ» ተብሎ ይታሰባል።

ያለፉትን ሁሉ ነፍስ ይማር፤ ያለነውን በፍቅር ያኑረን። ለከርሞው በጤና ያገናኘን።